ኤጀንቱ «የኛን ሶሊሲተር ያዙ» እያለ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ እንግሊዝ አገር ቤት ሸጠን ሌላ ቤት ልንገዛ ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሌይተኗ · ጁን 3, 2025
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ዓመታት ሳነብ እንጂ ስጽፍ አታውቁኝም፤ ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው። በ2014 የገዛናትን የሌይተን (ምሥራቅ ለንደን) ፍላት ልንሸጥ ነው። ሁለት መኝታ ናት፤ ልጆቹ ሦስት ሆነው ትልቁ ሳሎን ነው የሚያድረው። ሉተን ከተማ አንድ ቤት አይተን በ390,000 ፓውንድ እሺ ተብለናል። የኛንም በ355,000 የሚወስድ ተገኝቷል።

የሉተኑ ኤጀንት፣ ማለትም የሻጯ ደላላ፣ በቀን ሁለቴ ይደውላል። ሶሊሲተር የሚሉት ቤቱን በስማችን የሚያዛውረው ጠበቃ ነው። «የኛን ሶሊሲተር ከያዛችሁ ነገሩ ይፈጥናል፣ ሻጯም ደስ ይላታል» ይላል። ለመግዣው ብቻ 1,950 ሲደመር ቫት ነው። ባለቤቴ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ 799 የሚል አገኘና «ይኸው!» ይለኛል። የሰንበቴ እህቴ በበኩሏ አማርኛ የሚናገር ጠበቃ አለ፣ ስልኩን ልስጥሽ ትላለች። በ2014 ኤጀንቱ የሰጠንን ነበር የያዝነው። ፊቱን አላየነውም፤ ስሙም ጠፍቶኛል። ዘንድሮ ግን ሦስት ልጅ ይዤ ሜዳ ላይ መቅረት አልፈልግም።

ጋሽ_ብርሌ · ጁን 3
ልጄ፣ ኤጀንት የሰጠኝን ይዤ ሰባት ወር ተጉላላሁ። በሰባት ወር አምስት ሰው ተቀያየረብኝ፤ አምስቱም ፓስፖርቴን እንደገና ጠየቁኝ። በመጨረሻ የነበረችው ልጅ «ፋይሉን ገና እያነበብኩት ነው» ስትለኝ ስልኩን ዘግቼ ወጥቼ በእግሬ ሄድኩ፣ ደሜ እንዲበርድ። የቢሮውን ስም እዚህ አልጽፍም። አንቺ ግን የራስሽን ሰው ፈልጊ።

ፋይል_ቁጥር_9 · ጁን 3
እህቴ፣ ቤት ማዛወር በሚሠራ ቢሮ ውስጥ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። ሶሊሲተር አይደለሁም፤ ፋይሉን የምገፋው ነኝ።

መጀመሪያ ስለ ኤጀንቱ። ሊያስገድድሽ አይችልም። «የኛን ካልያዛችሁ ቤቱን አንሰጥም» እስከማለት ከደረሰ «ይህንኑ በኢሜይል ላክልኝ» በይውና ዝም ሲል ታይዋለሽ። የሚጎተጉትሽ ደግሞ በነፃ አይደለም፤ ደንበኛ ባመጣ ቁጥር ቢሮው ኮሚሽን ይከፍለዋል፣ የሚከፈለውም ከዚያው ከ1,950ው ነው። ይህን ክፍያ የመናገር ግዴታ አለባቸው፤ «ስንት ያገኛል?» ብለሽ ጠይቂ። የዚያ ኤጀንት ደንበኛ ሻጯ መሆኗንም አትርሺ። የሚከፈለው ከሷ ነው፣ የሚቸኩለውም ለሷ ነው።

799ኙን በተመለከተ፣ ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቢ። ቤቱ ሊዝሆልድ (መሬቱ የሌላ ሆኖ ቤቱ በሊዝ የተያዘ) ከሆነ ጭማሪ፣ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ካለ ጭማሪ፣ የስታምፕ ዲዩቲ (የቤት ግዢ ግብር) ፎርም ለመሙላት ጭማሪ፣ ከቤተሰብ የተሰጠ ገንዘብ ካለ ጭማሪ፣ በባንክ ላስተላለፉበት ጭማሪ፣ መታወቂያ ለማጣራት በነፍስ ወከፍ ጭማሪ። ሻጭም ገዢም ስለሆናችሁ ሁለት ፋይል ናችሁ፤ 799 የአንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሶሊሲተር ቢሮዎች ከ2018 መጨረሻ ወዲህ የቤት ማዛወር ዋጋቸውን ድረገጻቸው ላይ ማስቀመጥ ግዴታቸው ነው። ስለዚህ ከሦስት ቢሮ ሰርቹም (ስለ ቤቱ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚጣራው)፣ የላንድ ሬጅስትሪውም (የመሬት መዝገብ ቤቱ ክፍያ)፣ ቫቱም የተደመረበትን የመጨረሻ ቁጥር በጽሑፍ አስመጪና ያን አወዳድሪ።

ከዋጋው በላይ የሚያሳስበኝ ግን ስልኩ ነው። ደውዪና «ፋይሌን የሚይዘው ማን ነው? ስሙን ንገሩኝ። ዕረፍት ሲወጣ ማን ይተካዋል?» በይ። «ቡድናችን ያየዋል» ካሉሽ አመስግነሽ ዝጊ፤ ጋሽ ብርሌን ያጉላላቸው ያው ቡድን ነው። የሊዝሆልድ ሽያጭ አዘውትረው ይሠሩ እንደሆነና አበዳሪ ባንካችሁ ከሚቀበላቸው ቢሮዎች ዝርዝር ውስጥ መሆናቸውንም ጠይቂ። ከሌሉበት ባንኩ የራሱን ሌላ ሶሊሲተር ያቆማል፣ ከፋዩም አንቺ ነሽ።

የሊድሷ · ጁን 4
አንድ ልጨምር። ሶሊሲተር ብቻ ሳይሆን «ላይሰንስድ ኮንቬያንሰር» የሚባሉም አሉ፤ ሥራቸው ቤት ማዛወር ነው፣ የራሳቸው ተቆጣጣሪ አላቸው። እኔ በነሱ ነው የገዛሁት፣ አላማርርም። እህቴ ግን ስትፋታ ቤቱ የክርክሩ አካል ስለነበር ሶሊሲተር ነው የያዘችው። የሁለቱም መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሳታዪ አትፈርሚ።

ቀበና_ልጅ · ጁን 4
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለአንድ ቤት? እኛ አገር ካርታውን አይተህ፣ ቀብድ ወርውረህ፣ ውልና ማስረጃ ተሰልፈህ፣ ደላላውን ተጨቃጭቀህ፣ አለቀ 😅

ለማንኛውም የሌይተኗ፣ እሺ ካሏችሁ ቀብድ አስይዙ፤ ሴትዮዋ ሐሳቧን ብትቀይር እጥፍ ትመልሳለች።

ፋይል_ቁጥር_9 · ጁን 4
ቀበና፣ የኛ ሰው እዚህ አገር ቤት ሲገዛ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነውና በደንብ ልመልስልህ። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ያውቃል፤ የሰጠ ቢያፈርስ ይቀርበታል፣ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። እንግሊዝ ውስጥ «እሺ በ390,000» ማለት ሕግ ፊት ባዶ ወሬ ነው። ሁለቱ ሶሊሲተሮች ውል እስኪለዋወጡ፣ ማለትም ኤክስቼንጅ እስኪደረግ ድረስ ሻጯ ለሌላ በ400,000 ብትሸጠው ማንም አይጠይቃትም። የሌይተኗ፣ አንቺም ብትተዪው እንደዚያው። በመሐል ለሰርች፣ ለሰርቬይ (ለቤቱ ምርመራ) እና ለሶሊሲተር ያወጣሽው ገንዘብ ግን አይመለስም። ቀብዱ የሚከፈለው ኤክስቼንጅ ላይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋው 10 በመቶ። ከዚያ በኋላ ያፈገፈገ ገዢ ያን ያጣል።

ሶሊሲተር ፈጣን ይሁን የሚባለውም ለዚህ ነው። ከ«እሺ» እስከ ኤክስቼንጅ ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ሁላችሁም ገመድ ላይ ናችሁ።

እትዬ_ዘነቡ · ጁን 4
የኔ ልጆች፣ አማርኛ የሚናገር ጠበቃ ካለ እሱን ያዥ ነው የምለው። እኔ ቤት ስገዛ የ13 ዓመት ልጄ ነበር የሚተረጉምልኝ። የሊዙን ወረቀት እያነበበ «እማ፣ መሬቱ የኛ አይደለም ይላል» ሲለኝ ቤቱን ሊነጥቁን መስሎኝ ሌሊቱን ስጸልይ አደርኩ። ለካ ሊዝሆልድ ማለት እንደዚያ ኖሯል።

የሊድሷ · ጁን 5
እትዬ ዘነቡ፣ ቋንቋው ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። እኛ ሰፈር ያሉት አማርኛ ተናጋሪ ጠበቆች ግን አብዛኞቹ የኢሚግሬሽን ሰዎች ናቸው። የስደት ጉዳዬን ያሸነፈልኝን ሰው እንደ ወንድሜ እወደዋለሁ፤ ቤቴን ግን አልሰጠውም። ቤት ማዛወር የዘወትር ሥራው ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ቤት የሚያውቅ ቢሮ ይዛችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጅን ግን አታስተርጉሙ።

የሌይተኗ · ጁን 17
ተመለስኩ። አምስት ቢሮ ደወልኩ። ሁለቱ ሙዚቃ አስደምጠውኝ ቀሩ። አንዱ ዋጋ ለመንገር ኢሜይሌን ወስዶ እስከዛሬ የጥርስ ሳሙና ጭምር ያስተዋውቀኛል። አራተኛው የኤጀንቱ ነው፣ እሱን ተዉት። አምስተኛዋ ዋልታምስቶው ያለ ትንሽ ቢሮ የምትሠራ ሴት ናት። ስልኩን ራሷ አነሳች፤ «ፋይልሽን እኔ ነኝ የምይዘው፣ ኦገስት ላይ ሁለት ሳምንት የለሁም፣ የሚተካኝ ሰው ይህ ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት። ለሽያጩ 1,150፣ ለግዢው 1,300፣ ሲደመር ቫት፣ ሌላው ወጪ ተዘርዝሮ። ባለቤቴ 799ኙን በጭማሪዎቹ ደምሮ ሲያየው ልዩነቱ 240 ፓውንድ ሆነ። ያዝናት።

ግን ይኸው የመጀመሪያዋ ኢሜይል፦ «የገንዘባችሁን ምንጭ አስረዱ፣ የ6 ወር የባንክ ወረቀት ላኩ።» ሜይ መጨረሻ ላይ የገባልን 12,000 ፓውንድ አለ። ዕቁብ ነው። 24 ሰው ነን፣ በወር 500። ምን ብዬ ልንገራት?

ዳማከሴ · ጁን 17
ዕቁብ ብለሽ ማን ይገባዋል! «እህቴ የሰጠችኝ ስጦታ ነው» በይና ወረቀት አስፈርሚያት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ፋይል_ቁጥር_9 · ጁን 17
ዳማከሴ፣ ይቅርታህንና ይህን ምክር አንሳው። ሰዎች ያነቡታል።

የሌይተኗ፣ እንዳታደርጊው። ያ ወረቀት «ገንዘቡ አይመለስም፣ በቤቱ ላይ ድርሻ የለኝም» የሚል ፊርማ ነው፤ ለሶሊሲተርም ለባንክም ይቀርባል። ውሸት ከሆነ አንቺም እህትሽም ባንክ አታላችኋል ማለት ነው። ሶሊሲተሯ የምትጠይቅሽ ስለጠረጠረችሽ አይደለም፤ የ2017ቱ የገንዘብ አጠባ መከላከያ ደንብ ስለሚያስገድዳት ነው። ከሁሉ የሚከፋው መልስ የማይጣጣም መልስ ነው። ከጠረጠረች ለመንግሥት ሪፖርት ታደርጋለች፣ ሪፖርት ማድረጓንም ልትነግርሽ አትችልም። ሥራው ዝም ብሎ ይቆማል፣ አንቺም «ይህች ሴት ምን ነካት» እያልሽ ትቀሪያለሽ።

ዕቁብ በሕግ የተከለከለ ነገር አይደለም፤ ፈረንጁ ስለማያውቀው ማስረዳት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ገጽ ጻፊ፦ ስንት ሰው፣ በወር ስንት፣ መቼ ተጀመረ፣ ያንቺ ዕጣ ስንተኛ ላይ ወጣ። ጸሐፊው ይፈርምበት። በየወሩ 500 ከሒሳብሽ ሲወጣ የሚያሳየውን የባንክ ወረቀት አስከትይ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይጠይቅሽን ልጠይቅሽ። ዕጣሽ ስንተኛ ነበር? በ5ኛው ደርሶሽ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ቁጠባ አይደለም፤ የ19 ወር ዕዳ፣ 9,500 ፓውንድ ገና ትከፍያለሽ። ያን ባንኩ ማወቅ አለበት። ሶሊሲተሯ ላንቺ ብቻ አይደለም የምትሠራው፣ ለባንኩም ነው፤ ብድሩን የሚነካ ነገር ካወቀች ለነሱ ማሳወቅ አለባት። አንቺ ራስሽ ቀድመሽ ለሞርጌጅ አማካሪሽ ንገሪ።

የሌይተኗ · ጁን 18
22ኛ ነኝ፣ ተመስገን! የቀረብኝ 1,000 ብቻ ነው። ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ።

የሌይተኗ · ጁን 26
የዕቁቡ ነገር አለቀ፤ እንዴት እንዳለቀ ካልነገርኳችሁ ግን ነውር ነው። ጸሐፊያችን ሁሉን የሚመዘግበው በሰማያዊ ባለካሬ ደብተር ነው። የቡና ጠብታ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስቼ ከነትርጉሙ ላኩላት። በማግስቱ ደወለች። «ሁሉም ግልጽ ነው፤ አንድ ጥያቄ ብቻ። ተራ ቁጥር 7 ‹ፀጉር ቤቷ›፣ ተራ ቁጥር 15 ‹የሹፌሩ ሚስት› ይላል። እነዚህ ሰዎች ስም የላቸውም?» ሳቄ ቢመጣም ዋጥኩት። ጸሐፊው 24ቱንም በሙሉ ስማቸው እንደ አዲስ ጽፎ ፈረመ። ‹የሹፌሩ ሚስት› ስሟ በደብተር ሲጻፍ የመጀመሪያዋ ነው አሉ።

ቀበና_ልጅ · ጁን 26
😂😂 ተራ ቁጥር 15 እናቴን ነው የመሰለችኝ

ኮንዶ_አለኝ · ጁላይ 2
የሰው ክር ላይ ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ እዚህ አገር ቤት ኖሮኝ አያውቅም፣ በ340,000 ልገዛ ነው። ኤጀንቱ «የመጀመሪያ ገዢ ስለሆንክ ስታምፕ ዲዩቲህ 2,000 ብቻ ነው» አለኝ። አዲስ አበባ ግን በስሜ ኮንዶሚኒየም አለ፣ ተከራይቷል። እሱን ለሶሊሲተሩ መናገር አለብኝ? ኢትዮጵያ ያለ ነገር እዚህ ምን አገባቸው?

ፋይል_ቁጥር_9 · ጁላይ 2
አገባቸው ወንድሜ። ቅናሹ «በዓለም ላይ የትም ቤት ኖሮት ለማያውቅ» ነው የሚለው። ኮንዶው ስላለህ መጀመሪያ ገዢ አይደለህም፤ 2,000 የተባለው 7,000 ይሆናል። ሁለተኛው ጥያቄ ኮንዶው ዛሬ ስንት ያወጣል የሚለው ነው። ድርሻህ 40,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ካወጣ የምትገዛው «ተጨማሪ ቤት» ይባልና በጠቅላላ ዋጋው ላይ 5 በመቶ ይጨመርብሃል፤ ሌላ 17,000 ማለት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ሐምሌ ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ በፓውንድ ሲሰላ ብዙ ኮንዶሚኒየም ከዚህ በታች ሊወርድ ይችላል። ግን በግምት አይሆንም፣ ዋጋውን የሚያሳይ ወረቀት ያዝ። ባለትዳር ከሆንክ የሚስትህም ቤት ይቆጠራል።

የሌይተኗ፣ እናንተም አገር ቤት ያላችሁ ከሆነ አትደንግጡ። የምትኖሩበትን ሸጣችሁ የምትኖሩበትን ስለምትገዙ ጭማሪው አይነካችሁም። በ390,000 የናንተ 9,500 ነው። ለሶሊሲተሯ ግን ንገሯት፤ ፎርሙን በስማችሁ የምታስገባው እሷ ናት፣ ለተጻፈው ተጠያቂ ግን እናንተ ናችሁ።

ኮንዶ_አለኝ · ጁላይ 2
ኤጀንቱ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቀኝም እኮ።

ጋሽ_ብርሌ · ጁላይ 2
ምን ብሎ ይጠይቅህ፣ ቤት ሻጭ ነው።

የሌይተኗ · ጁላይ 21
የሽያጩ ወገን ነው አሁን የያዘን። ቲኤ6 የሚባል የሻጭ ፎርም ላይ «ከጎረቤት ጋር አለመግባባት ነበር ወይ?» ይላል። ከላይ ያለው ልጅ ሌሊት ሙዚቃ ስለሚለቅ ባለፈው ዓመት ለካውንስል (ለአካባቢው አስተዳደር) ሁለት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። እሱን ከጻፍኩ ገዢው ይሸሻል። ባለቤቴ «የለም» በይ ይላል።

የሊድሷ · ጁላይ 21
ደብዳቤው ካውንስል ፋይል ውስጥ ተቀምጦ እያለ «የለም» ልትዪ? ቤቱን ከወሰደ በኋላ ቢደርስበት ካሣ ይጠይቅሻል። እውነቱን ጻፊ፣ ሙዚቃው ቆሞ ከሆነም ቆሟል በይ።

ፋይል_ቁጥር_9 · ጁላይ 21
የሊድሷ እንዳለችው። የሊዝ አስተዳዳሪውን ጥቅል መረጃስ አዘዛችሁ? የሰርቪስ ቻርጁ (ለሕንፃው የጋራ ወጪ የሚከፈለው)፣ የሕንፃው መድን፣ የእሳት ደኅንነቱ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። ጥቂት መቶ ፓውንድ ያስከፍላል፣ ሳምንታትም ይወስዳል። ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ፎቅ የግድግዳ ሽፋኑ እሳቱን አዛምቶ ከተቃጠለ በኋላ የገዢው ወገን ስለ ሕንፃው ግድግዳ ሽፋን ሳይጠይቅ አያልፍም። ቤቱ ለሽያጭ በወጣ ቀን ነበር መታዘዝ የነበረበት።

የሌይተኗ · ጁላይ 21
አላዘዝንም። 😔 ዛሬ ከፈልኩ።

የሌይተኗ · ኦገስት 29
ጥቅሉ አምስት ሳምንት ፈጀ። ገዢያችን ስለ ሙዚቃው ሲያነብ «እኔም ከበሮ እመታለሁ» አለ አሉ። እግዚአብሔር የሚሠራው አይታወቅም።

ሉተን ግን ጣሪያው ሥር ያለችው ክፍል የሕንፃ ቁጥጥር ማረጋገጫ የላትም። የሻጯ ወገን «የመድን ፖሊሲ እንገዛላችኋለን» ይላል። ሶሊሲተሯ ደግሞ «ካውንስል እንዳትደውሉ» አለችን። ይሄ ነገር መደበቅ አይደለም እንዴ?

ፋይል_ቁጥር_9 · ኦገስት 29
ግራ ማጋባቱ ልክ ነው። ፖሊሲው ካውንስሉ አንድ ቀን ተነስቶ «አፍርሱ» ቢል የሚደርስባችሁን ኪሳራ ይሸፍናል። እናንተ ራሳችሁ ደውላችሁ ካነቃችሁት ግን መድን ሰጪው አልከፍልም ይላል። ለዚህ ነው አትደውሉ ያለቻችሁ። ግን ልብ በሉ፣ ፖሊሲው የወረቀቱን ጉድለት እንጂ የክፍሏን ደኅንነት አይሸከምም። ልጅ የሚያድርበት ክፍል ከሆነ ወለሉ ይችል እንደሆነ፣ በእሳት ጊዜ መውጫ እንዳለው መሐንዲስ ይየው። ሶሊሲተር ቤቱን በዓይኑ አያየውም። የባንኩም ግምት ለባንኩ ነው የተሠራው።

የሌይተኗ · ሴፕቴምበር 12
መሐንዲሱ አየው። ምሰሶዎቹ ደህና ናቸው፤ በሩ ግን እሳት የሚከላከል አይደለም አለ። ሻጯ 1,200 ቀነሰችልን። ትልቁ ልጃችን «በሩን ለምን ቀየራችሁት» ብሎ እንደሚያኮርፍ ከወዲሁ አውቃለሁ።

ጋሽ_ብርሌ · ኦክቶበር 9
ልጄ ድምፅሽ ጠፋ?

የሌይተኗ · ኦክቶበር 10
ጋሼ፣ ሰንሰለቱ ነው። የሉተኗ ሴትዮ የምትገዛውን ቤት የሚሸጡት ወንድማማቾች ናቸው፤ የእናታቸውን ውርስ ገና አላስጨረሱም። ሁላችንም እነሱን ስንጠብቅ አራት ሳምንት አለፈ። ኤጀንቱ እየደወለ «ሶሊሲተራችሁ ናት የምታጓትተው» ይለኛል። እሷን ስጠይቃት የላከቻቸውን ኢሜይሎች ቀን በቀን ዘርዝራ ላከችልኝ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ብቻ እደውልላታለሁ፤ በየቀኑ ስደውል ጊዜዋን የምበላው እኔ እንደሆንኩ ገባኝ።

ፋይል_ቁጥር_9 · ኦክቶበር 10
በሳምንት አንዴ፣ ጥያቄዎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው በአንድ ኢሜይል። ፋይል የሚገፋ ሰው እንደዚህ ያለ ደንበኛ ይወዳል።

ገንዘብ የምታስተላልፉበት ቀን ስለቀረበ አንድ ነገር። የሶሊሲተሯን የባንክ ቁጥር ከመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ውሰዱ። «ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከመጣ በዚያ ኢሜይል ላይ ባለው ስልክ እንዳትደውሉ፤ በድሮው ስልክ ደውሉ።

የሌይተኗ · ኦክቶበር 16
እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ኢሜይል መጣ። የቢሮው አርማ አለው፣ የፋይል ቁጥራችን አለው፣ የሉተኑ ቤት አድራሻ አለው። «ሒሳባችን በኦዲት ላይ ስለሆነ ቀሪውን 31,400 በዚህ ቁጥር ነገ ከ4 ሰዓት በፊት አስገቡ» ይላል። ባለቤቴ ስልኩን ይዞ የባንኩን አፕ ከፍቶ ቁጥሩን እያስገባ ነበር። «ቆይ» አልኩት። ይህን ክር ከፍቼ አነበብኩለት። ተጨቃጨቅን፣ እንዲያውም ተኳረፍን። ጠዋት ቢሮው ሲከፈት በድሮው ስልክ ደወልኩ። «እኛ አልላክንም» አለች። የኢሜይሉን አድራሻ ፊደል በፊደል አነበብኩላት፤ አንዷ «አይ» «ኤል» ነበረች። በዓይን አይለይም።

ባለቤቴ ሥራ ከመሄዱ በፊት ግንባሬን ስሞኝ ወጣ፣ ምንም አላለም።

እትዬ_ዘነቡ · ኦክቶበር 16
እልልልል! ኪዳነ ምሕረት ናት ያወጣቻችሁ።

ቀበና_ልጅ · ኦክቶበር 16
እትዬ፣ ፋይል ቁጥር 9ም ትንሽ ረድቷል 🙏

ፋይል_ቁጥር_9 · ኦክቶበር 16
ኪዳነ ምሕረትን አልቀድምም። የሌይተኗ፣ ለባንካችሁም አሳውቁ፤ የኢሜይላችሁንም የይለፍ ቃል ቀይሩ። የፋይል ቁጥሩን ካወቁት አንድ ቦታ እያነበቡ ነው።

የሌይተኗ · ኦክቶበር 17
ዛሬ ኤክስቼንጅ ሆነ! ወንድማማቾቹም ፈረሙ። የሚቀጥለው ዓርብ እንገባለን። የቤቱን መድን ከዛሬ ጀምሮ ግቡ ስላለችን ገብተናል።

የሌይተኗ · ኦክቶበር 25
ትናንት ገባን። ሌይተን ላይ ቁልፍ አስረክበን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ጀምሮ ሉተን በር ላይ ቫኑ ውስጥ ተቀመጥን። ገንዘቡ ከታች እስከ ላይ በሰንሰለቱ ሁሉ እስኪደርስ የኤጀንቱ ቢሮ ቁልፍ አይሰጥም። ሹፌሩ በሰዓት ነው የሚቆጥረው። ትንሿ ልጄ ሽንቷ መጣ፤ የጎረቤት በር አንኳኳሁ። የፓኪስታን እናት ናቸው፣ አስገቡን፣ ሻይም አፈሉልን። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሶሊሲተሯ ራሷ ደወለች፦ «ቤቱ የናንተ ነው።»

ቀሪው የስሙ ምዝገባ ነው። ስታምፕ ዲዩቲውን በ14 ቀን ውስጥ ታስገባለች፤ ላንድ ሬጅስትሪው ግን ወራት ሊወስድ ይችላል ብላኛለች፣ አትጨነቂ አለችኝ። የጋሽ ብርሌንና የሁላችሁንም ውለታ አልረሳም።

ጋሽ_ብርሌ · ኦክቶበር 25
እሰይ ልጄ። በቡና በዕጣን ግቡበት። ምዝገባው ሲያልቅ ላንድ ሬጅስትሪው በነፃ የሚሰጠውን የኢሜይል ማንቂያ ግቢበት፤ በቤትሽ ስም ማንም ወረቀት ቢያስገባ ይነግርሻል። እኔ እስከዛሬ የሚቆጨኝ ያንን ቢሮ አለመክሰሴ ነው።

ፋይል_ቁጥር_9 · ኦክቶበር 25
ጋሼ፣ ለሌሎች እንዲሆን፦ መጀመሪያ ለቢሮው በጽሑፍ ቅሬታ ይቀርባል። በ8 ሳምንት ውስጥ አጥጋቢ መልስ ካልሰጡ የሕግ አገልግሎት እንባ ጠባቂው በነፃ ያየዋል። የመጨረሻ መልሳቸው ከደረሰ ግን ከ6 ወር በላይ አትቆዩ።

ግላስጎው_ብርድ · ኖቬምበር 2
ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ እግዜር ይስጣችሁ። እኔም ልገዛ ነው። የዋልታምስቶዋን ሴትዮ ስልክ በውስጥ መስመር ልትልኩልኝ ትችላላችሁ?

ፋይል_ቁጥር_9 · ኖቬምበር 2
ግላስጎው ከሆንክ እሷ አትሠራልህም። የስኮትላንድ ሕግ ሌላ ነው፣ የስኮትላንድ ሶሊሲተር ነው የምትፈልገው። ዋጋውንም ለሻጭ የሚያቀርበው ሶሊሲተርህ ስለሆነ ቤት ሳታይ በፊት ያዘው። ግብሩም ስታምፕ ዲዩቲ አይባልም፣ የራሳቸው አላቸው። ደብዳቤ ተለዋውጠው ከተስማሙ በኋላ ደግሞ እንደኛ ማፈግፈግ የለም፤ ለቀበና የሚመች አገር ነው። አዲስ ክር ክፈት፤ ኤድንብራ የገዙ ሁለት ሰዎች እዚህ አሉ፣ እጠራልሃለሁ።